ትልም ላይ ስለ ተኛው ላፕቶፕ

ለክቡር አቶ አድማሱ
የ«ወገን ለተማሪ» በጎ አድራጎት ማኅበር ሰብሳቢ፣ የላፕቶፕ መራጭ ንዑስ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ እንዲሁም የከብት ተራ የሽምግልና ዳኛ
ወገዳ

ጉዳዩ፦ ለተመረጠልኝ ላፕቶፕ ምስጋና ስለ ማቅረብና አንዲት ትንሽ ጥያቄ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ ቀጥሎም የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤና፣ ከዚያም በወገዳ ገበያ ስማቸው የታወቀውን የጥማድ በሬዎችዎን ጤና በየማዕርጋቸው እጠይቃለሁ። የዘንድሮ ክረምት ለሣሩም ለሰውም የበጀ ስለ ነበር ሁላችሁም አምሮባችሁ እንደምትገኙ ተስፋ አለኝ። እኔ ልጅዎ ብሩክታዊት፣ የየኔታ ቀለመ ወርቅ ልጅ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና ደኅና ነኝ፤ ማኅበራችን በመስቀል ማግሥት በእልልታና በጭብጨባ ያስረከበኝ ላፕቶፕ ግን እንደ እኔ ደኅና አይደለም፤ ተኝቷል። ለምን እንደ ተኛ ላስረዳዎ ሁለቴ ከቤትዎ መጥቼ ሁለቴም ነገሬን ሳልጨርስ ስለ ሸኙኝ፣ ይህን ደብዳቤ በማኅበራችን የቴሌግራም ገጽ ላይ፣ ላፕቶፑን እንደ ክርስትና ልጅ አቅፈው ከተነሡት ፎቶግራፍ ሥር፣ ሁሉም በሚያነብበት ቦታ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ድፍረት ከሆነብኝ ይቅር ይበሉኝ፤ እልፍኝዎ ቢሰማኝ ኖሮ ነገሬን አደባባይ አላወጣውም ነበር።

ደብዳቤው ግልጽ እንደ መሆኑ መጠን፣ ነገሩን ከሥሩ የማያውቁ አንባቢዎች እንዳይቸገሩ በአጭሩ ላስታውስ። ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ካለፉት ጥቂቶች አንዷ ሆኜ ባሕር ዳር ሶፍትዌር ምሕንድስና ለመማር ተመድቤአለሁ። ከዚያ በፊት መስተዋቱ በተሰነጠቀው የአባቴ ስልክ ድረ ገጽ መሥራትን ስለማመድ ኖሬአለሁ፤ በአውራ ጣት ኮድ መጻፍ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው፣ ማሳን በወስፌ እንደ ማረስ ነው ብዬ ባስረዳ ይበቃል። ይህን ልምምዴን የሰሙ፣ በመካነ ኢየሱስ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው አቶ ቢሻው፣ ክፍሎቻቸውን የሚያሳይና እንግዳ ከሩቅ ሆኖ አልጋ የሚይዝበት ድረ ገጽ እንድሠራላቸው የሕይወቴን የመጀመሪያ ሥራ ሰጡኝ። ይህ ሥራ ለእኔ ጨዋታ አይደለም። የአባቴ ሀብት ቅኔ ነው፤ ቅኔ ደግሞ ነፍስን ያጠግባል እንጂ የዩኒቨርሲቲ ወጪ አይሸፍንም፤ ስለዚህ የምማረው እየሠራሁ ነው፣ የምሠራውም በላፕቶፕ ነው።

ማኅበራችን ይህን ዐውቆ ለልጃችን ላፕቶፕ እንገዛለን ሲል ከተማው ሁሉ እጁን ዘረጋ። ጌሾ ሻጯ እትዬ ካሣነሽ ከቅዳሜ ገበያቸው ቀንሰው ሲሰጡ፣ ምን ዓይነት ነው፣ ከየት ነው ብለው አልጠየቁም፤ ‹ብቻ ልጅቱ የምትሠራበት ይሁን› አሉ። ከዚህች ቃል በኋላ ኮሚቴዎ ያደረገልኝን ውለታ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ማመስገን ስለማይቻለኝ በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በምርጫው ቀን አብሬአችሁ ደብረ ታቦር እንድሄድ ስለምንዎ፣ ‹ሙሽራ ጥሎሿን አትመርጥም› ብለው በክብር ከቤት ስላስቀሩኝ አመሰግናለሁ። እርግጥ ነው፣ በአገራችን ሙሽራ ጥሎሿን አትመርጥም፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ተነጋግረው፣ ተሟግተው ያመጡላትን ዐይኗን ሰብራ ትቀበላለች። እኔም ሥርዓቱን አክብሬ፣ የሚያስፈልገኝን በሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነግሬ ዝም አልሁ፦ መብራት ሲጠፋ የማይጠፋ ባትሪ፣ ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ የሚችል ራም፣ ከመኝታ ቤት እስከ መማሪያ ክፍል ልሸከመው የምችለው ክብደት። እርስዎም ጺምዎን እየነኩ በትዕግሥት አዳምጠውኝ፣ ‹የኔ ልጅ፣ ይኼን ለእኛ ተዪው› አሉኝ። እኔም ተውሁት። ጥሎሽ ቢጠብብ ልብስ ሰፊ ያሰፋዋል፤ ይህኛው ሲጠብብ ግን ማን እንደሚያሰፋው እስከ ዛሬ አልተነገረኝም።

ሁለተኛ፣ የትምህርት ቤታችንን የኮምፒውተር መምህር አቶ ይርዳውን ከኮሚቴው ስላገለሉልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። መምህሩ ያለ ምንም አበል፣ በራሳቸው ትራንስፖርት፣ አብሬ ልሂድ ብለው በትሕትና ሲጠይቁ የሰጡት መልስ በከተማው ሁሉ ተወርቷል፤ ‹በገበያ ላይ በሬውን አውቀዋለሁ ብሎ የሚጠጋ ሰው ደላላ ነው› ብለዋቸዋል። አንባቢ ይፍረድ፤ በከብት ተራ ይህ ሕግ እውነት ነው፤ የሚገዙትን በሬ ጠባይ አብዝቶ የሚያውቅ ሰው ከሻጩ ጋር የበላ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። በዚህ ሕግ መሠረት ስለ ላፕቶፕ የሚያውቅ ሰው ላፕቶፕ ከመምረጥ ታገደ፤ ስለ ላፕቶፕ ምንም እንደማያውቁ በጉባኤ ፊት በኩራት የመሰከሩት እርስዎና የእህል ነጋዴው አቶ ደምሌ ግን ንጹሐን ሆነው ተመረጡ። በዚህ ዓይነት ንጽሕና የሚሠራ ኮሚቴ ነገ ሐኪም ቢመርጥልን በሽተኛ ሁሉ በምን ዓይነት ደስታ እንደሚሞት አስበዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ይህ ከሁሉ የሚበልጠው ነውና ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ። ደብረ ታቦር በሚገኘው የኮምፒውተር ሱቅ ውስጥ የተደረገውን አቶ ደምሌ በርክክቡ ዕለት ድምፅ ማጉያ ይዘው ስለ ተረኩልን፣ ያልነበርነው ሁሉ የነበርን ያህል እናውቀዋለን። በስማዳም ሆነ በጋይንት፣ በእስቴም ሆነ ከዚያ ወዲያ፣ በሬ በመምረጥ የእርስዎን ያህል ዐይን ያለው ሰው እንደሌለ ጠላትዎም አይክድም። የሚደንቀኝ ይህ ዕውቀት ምንም ሳይቀነስለት ወደ ላፕቶፕ መሻገሩ ነው። አስቀድመው ክዳኑን ገልጠው ጥርሱን አዩ፤ በስተ ቀኝ በኩል ሌላ የቁጥር ቁልፍ የተደረደረበትን ሲያገኙ ‹ይኼ ጥርሱ የሞላ ነው፤ ያኛው ገና ወይፈን ነው› አሉ። ቀጥለው በሁለት እጅዎ አንሥተው መዘኑትና እጅዎን ወደ ታች ሲስበው ‹አጥንት አለው› ብለው ለአቶ ደምሌ አቀበሏቸው፤ እርሳቸውም ተቀብለው አቃሰቱና ተስማሙ። ክዳኑ ላይ የሚበራውን ምልክት አይተው ‹ግንባሩ ላይ ነጭ አለው፤ ቦራ ነው› ብለው ወደዱት። በጎኑ የሚወጣውን ትኩስ ነፋስ በመዳፍዎ ለክተው ‹ትንፋሹ ብርቱ ነው› አሉ፤ እኔ ዛሬ የምለው ግን ገና ምንም ሳያርስ የሚያለከልክ በሬ እርስዎ ራስዎ ገበያ ላይ ቢያዩት ኖሮ ዞር ብለው እንደሚያልፉት ነው። በመጨረሻም ሽንጡን በጥፊ መታ አድርገው አለመደንገጡን ካረጋገጡ በኋላ ‹ረጋ ያለ ነው፣ አይዋጋም› ሲሉ ፈረዱ። ባለ ሱቁ፣ ውስጡ የሚሽከረከር ዕቃ አለና እባክዎ አይምቱት ብሎ ቢለምን፣ ሻጭ ምንጊዜም በሬው እንዳይነካበት ይለምናል ብለው አስቀሩት።

በዚያው ሱቅ፣ በዚያው መደርደሪያ ላይ፣ በዚያው ዋጋ አንድ ሌላ ላፕቶፕ ነበር። ቀጭን፣ ቀላል፣ ባትሪው ግማሽ ቀን የሚቆይ፣ ራሙ አሥራ ስድስት ጊጋ የሆነ ነው። ባለ ሱቁ ለኮድ ሥራ ይኼኛው ነው ብሎ ፊትዎ አስቀምጦት እንደ ነበር አቶ ደምሌ ራሳቸው ሳይደብቁ ተርከዋል። እርስዎ ግን በሁለት ጣትዎ አንሥተው ‹ይኼማ የሰኔ በሬ ነው፤ ጎድኑ ይቆጠራል፤ እንኳን ሊያርስ ባሕር ዳርም አይደርስ› ብለው መለሱት። ይህ በርክክቡ ዕለት ሲተረክ ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሣቅሁ፤ ምክንያቱም የትኛው እንደ ተመረጠልኝ ገና አላየሁም ነበር።

አራተኛ፣ አቶ ደምሌ ለኮሚቴው ስላበረከቱት የሒሳብ ዕውቀት ምስጋና ይገባቸዋል። የመረጣችሁት ላፕቶፕ ማከማቻው አንድ ሺሕ ጊጋ ነው፤ የቀጭኑ ሁለት መቶ ኀምሳ ስድስት ነው። አቶ ደምሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ እህል ያከማቹ ሰው ናቸውና፣ ‹ጎተራ ሲሰፋ ነው› ብለው ነገሩን በአንድ ቃል ዘጉት። ባለ ሱቁ ደግሞ የእናንተ ምርጫ ራሙ አራት ብቻ እንደ ሆነ፣ የቀጭኑ ግን አሥራ ስድስት እንደ ሆነ ሲያስታውሳቸው፣ ከሺሑ አጠገብ አራትም አሥራ ስድስትም ፍርፋሪ ነው ብለው መለሱለት። ለእርሳቸው በሚገባ ቋንቋ ላስረዳ፦ ጎተራ የሚያስቀምጡበት ነው፤ ራም ግን አውድማው ነው፤ የሚወቃው፣ የሚበራየው፣ የሚመነሸው በአውድማ ላይ ነው። የእኔ ጎተራ የወገዳን እህል ሁሉ ይይዛል፣ አውድማዬ ግን አንዲት ዶሮ ቆማ የምትዞርበት አይደለም። ጎተራውም ቢሆን በዘመናችን የቀረው፣ እየተሽከረከረ አንድ አንድ ፍሬ የሚሰጠው ዓይነት ነው። ታዲያ ራሙን እንጨምርበት እንዳይባል፣ መምህር ይርዳው የሥሪቱን ቁጥር ይዘው በኢንተርኔት ሲመረምሩ የማይጨመርበት ሆኖ ተገኘ።

አምስተኛ። አምስተኛውን ጽፌው ነበር፤ አባቴ ካነበቡት በኋላ ‹ይኼ ከቅኔው ወደ ስድቡ አደላ› ስላሉኝ አጥፍቼዋለሁ። ቁጥሩን ግን ባዶውን ትቼልዎታለሁ፤ ኅሊናዎ ሲመችዎ ይሙላው።

ስድስተኛ፣ ለሰጡኝ የእንስሳት ሕክምና ምክር አመሰግናለሁ። ላፕቶፑን ለመክፈት ቁልፉን ተጭኜ፣ ውኃ ቀድቼ፣ ቤት ጠርጌ ስመለስ ገና እየተንጠራራ ማግኘቴን፣ ከግድግዳው ስነቅለው ደግሞ እዚያው ቀጥ ማለቱን ልነግርዎ በመጣሁ ጊዜ፣ ‹አዲስ በሬ ቤት እስኪለምድ ይተኛል፤ አትቆጪው፤ ቀስ ብለሽ አላምጂው› አሉኝ። እኔም ምክርዎን አክብሬ አላመድሁት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ቀረብሁት፤ ሙቀት እንዳይበዛበት ከጥላ አስቀመጥሁት፤ አባቴም ጸሎት አደረሱበት። እርሱ ግን አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም እንደሚባለው ሆነብኝ። በተለይ ሦስት ነገር፣ ማለትም ኮድ መጻፊያውን፣ ድረ ገጽ ማሳያውንና የሙከራ ሰርቨሩን አንድ ላይ ስከፍትበት፣ ቀንበር እንዳየ ለጋሚ በሬ ጉልበቱን አጥፎ ይዘረጋል። እነዚህ ሦስቱ ደግሞ የድረ ገጽ ሥራ ቅንጦት አይደሉም፤ ሞፈሩ፣ ቀንበሩና ማረሻው ናቸው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር አልሰጠውም፤ ቀልዱም ይቅርብኝ። ከመስከረም ወዲህ አቶ ቢሻው እስካሁን የሠራሁትን እንዳሳያቸው ስለ ጠየቁኝ፣ ያን ላፕቶፕ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ መካነ ኢየሱስ ድረስ ሄድሁ። ስደርስ መብራት አልነበረም፤ ባትሪው ደግሞ ለስሙ እንጂ ለሥራው አልተፈጠረም፤ ስለዚህ እኔና እርሳቸው የማይበራ ላፕቶፕ መካከላችን አስቀምጠን ስለ መኸሩ አወራን። መብራቱ ሲመጣ ከፈትሁት፤ ተከፍቶ እስኪያበቃ ሻያቸውን ጠጡ፤ ሥራዬን ልከፍት ስል ማያ ገጹ ደረቀ፤ አጥፍቼ እንደገና ሞከርሁ፤ እንደገና ደረቀ። አቶ ቢሻው ጨዋ ሰው ናቸው፤ አልተቆጡኝም፤ ‹ልጄ፣ አንቺን አልጠረጠርሁም፤ ግን ያየሁት ክብ ምልክት ሲሽከረከር ብቻ ነው፤ እስከ ጥቅምት ማለቂያ ካላሳየሽኝ ባሕር ዳር ላለ ሰው እሰጠዋለሁ› አሉኝ። ወደ ወገዳ ስመለስ በመኪናው ውስጥ አለቀስሁ። ያለቀስሁት ላፕቶፑ ስለ ተኛ አይደለም፤ የሠራሁት ሥራ በውስጡ እያለ ማንም ሊያየው ስላልቻለ፣ ከተማው ሁሉ አዋጥቶልኝ ባዶ እጄን እንደ ነበርሁ ስለ ቀረሁ ነው። ይህን ሐዘን እርስዎም ቢሆኑ፣ በእርሻ ወራት በሬ የተኛበትን ገበሬ ፊት ያዩ ሰው ነዎትና፣ ያውቁታል ብዬ አምናለሁ።

መድኃኒቱ ሩቅ አለመሆኑ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበው። መምህር ይርዳው ደላላ መባላቸውን ችለው ለባለ ሱቁ ስልክ ደወሉለት። ባለ ሱቁም ቀጭኑ ላፕቶፕ አሁንም እንዳለ፣ ወሩ ሳይሞላ ከመጣ ያለ ምንም ጭማሪ እንደሚለውጥ፣ ነገር ግን በእጁ የገዛው ሰው ራሱ መጥቶ መፈረም እንዳለበት ነገራቸው። በእጁ የገዛው ሰው እርስዎ ነዎት። የእኔ ሥራ፣ የትምህርቴም መንገድ ዛሬ የቆመው በእርስዎ አንዲት ቀን መንገድ ላይ ነው።

ይህን ልለምን ለሁለተኛ ጊዜ ስመጣ የሰጡኝ መልስ ከደጃፍዎ ሳልወጣ በልቤ ተጽፏል። ስጦታ አይመለስም አሉኝ። የተመረጠ ነገር ቢለወጥ የማኅበሩ ስም ይጎድፋል፤ ሰውም መርጠው አበላሹ ብሎ ለከርሞ ተማሪ አያዋጣም አሉኝ። ከርሞ የምትፈተነዋ የጎረቤቴ ልጅ መቅደስ ላፕቶፕ ብታጣ ጥፋቱ የእኔ እንደሚሆንም በአባትነት አስጠነቀቁኝ። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ የማኅበራችን ስም የቆመው እኔ በማልሠራበት ላፕቶፕ ፊት ፈገግ ብዬ ፎቶግራፍ በመነሣቴ ላይ ነው ማለት ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚለውን አባባል ልጠቅስ ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን በሬው የትኛው እንደ ሆነ አንባቢን ያምታታል ብዬ ትቼዋለሁ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በእኔ ቃል መከራከሩን ትቼ በእርስዎ ቃል ልከራከር። ባለፈው ግንቦት፣ ከእስቴ በኩል የመጣ አንድ ገበሬ ከወገዳ ሰው የገዛው በሬ ትልም ላይ እየተኛ ስላስቸገረው እየነዳ መልሶ አመጣውና፣ ነገሩ ከብት ተራ ካለው ግራር ሥር ለእርስዎ ዳኝነት ቀረበ። ሻጩ ጥርሱን አሳየ፤ ሻኛውን አሳየ፤ ቤት እስኪለምድ ነው አለ፤ የተሸጠ አይመለስም አለ። የገበያው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር፤ እኔም ከእናቴ ጋር እዚያው ነበርሁ። እርስዎም በትርዎን ተመርኩዘው ተነሡና እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፦ ‹በሬ የሚፈረደው በትልም ላይ እንጂ በገበያ ላይ አይደለም። በሬ መመለስ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ለጋሚ በሬ ከድኻ ደጅ አስሮ መሄድ ነው።› ሻጩ በሬውን ተቀብሎ ሌላ ሰጠ። እኔ በዚያች ቀን እውነተኛ ዳኛ አየሁ ብዬ ለአባቴ ነገርኋቸው፤ እርሳቸውም ፍርዱን ለተማሪዎቻቸው ነገሯቸው።

እነሆ የእኔ ትንሽ ጥያቄ። በፊታችን ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ ላፕቶፑን ይዤ ከዚያው ግራር ሥር እቀርባለሁ። ከጎን ካለው ሻይ ቤት የመብራት መስመር እንዲዘረጉልኝ ለምኜ ፈቅደውልኛል። ያዋጡት ሁሉ ባሉበት፣ እትዬ ካሣነሽም ጌሾአቸውን ወደዚያ አስጠግተው በተቀመጡበት፣ የአቶ ቢሻውን ድረ ገጽ እከፍትበታለሁ። ካረሰ፣ ካሳፈረኝም፣ በጉባኤው ፊት ጉልበትዎን ስሜ፣ ይቅርታ ጠይቄ፣ ይዤው ባሕር ዳር እገባለሁ፤ ይህን ደብዳቤም በገዛ እጄ አጠፋዋለሁ። ትልም ላይ ከተኛ ግን ከሳሿ እኔ ነኝ፣ ሻጩ እርስዎ ነዎት፣ ዳኛውም እርስዎ ነዎት፤ ምስክሩም ጥርሱ የሞላው ቦራው በሬ ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላሉ አባቶች፤ የእርስዎን አነጋገር እኔ ምንም ሳልጨምርበት፣ ሳልቀንስበት እዚያው አቀርበዋለሁ። የግንቦቱ ፍርድ ለሰው በሬ ብቻ የተፈረደ ከሆነም ያንኑ በሕዝብ ፊት ይንገሩንና ዐውቀነው እንኑር።

ስለ ከርሞዋ መቅደስ አይጨነቁ። ሰው የማያዋጣው የተሳሳተ ሲታረም አይቶ አይደለም፤ የተሳሳተ ሲከበር አይቶ ነው። የግንቦቱ ሻጭ በሬውን ተቀብሎ ከወሰደ በኋላ ገበያተኛው አልሸሸውም፤ እንዲያውም ዛሬ ሰው ሁሉ በሬ የሚገዛው ከእርሱ ነው፤ ቢለግም ይቀበላል እየተባለ።

ዕድሜዎን እንደ ማቱሳላ፣ ፍርድዎን እንደ ሰሎሞን፣ በሬዎችዎንም እንደ ኢዮብ ዘመን በሬዎች ያብዛልዎ እያልሁ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

በምርጫው ቀን ከቤት የቀረችው ሙሽራ፣
ታዛዥ ልጅዎ
ብሩክታዊት ቀለመ ወርቅ
ወገዳ፣ ጥቅምት

ግልባጭ፦
ለእትዬ ካሣነሽ፣ ጌሾ ተራ፣ ‹የምትሠራበት ይሁን› ስላሉ
ለአቶ ደምሌ፣ እህል በረንዳ፣ አውድማና ጎተራን እንዲለዩ
ለአቶ ቢሻው፣ መካነ ኢየሱስ፣ ጥቂት ቀን በትዕግሥት እንዲጠብቁኝ
ለመምህር ይርዳው፣ ለመረጃ ያህል ብቻ፤ ስለሚያውቁ አስተያየት መስጠት አይፈቀድላቸውም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከፍርዱ በኋላ የሚባክን ጊዜ እንዳይኖር አስቀድሜ አስቤበታለሁ። ሰኞ ማለዳ ወደ ደብረ ታቦር በሚነሣው አውቶቡስ ሁለት ወንበር ይዣለሁ፤ በመስኮት በኩል ያለው የእርስዎ ነው። ላፕቶፑ እስክንደርስ ድረስ በእርስዎ ጉልበት ላይ ይቀመጣል፤ ክብደቱን የወደዱት እርስዎ ነዎትና።